ወንድሜ ጠጥቶ ባጃጅ ሲነዳ ሰው ገጨ፣ ጅማ ላይ ታስሯል፣ መብቱ እስከምን ድረስ ነው?

ሰላም ወገኖቼ። እሁድ ጠዋት ነው የምጽፈው፣ ሌሊቱን አልተኛሁም። ታናሽ ወንድሜ የባጃጅ ሹፌር ነው፣ ባጃጇ የሱ አይደለችም፣ በቀን ገቢ እያስገባ ነው የሚሠራባት። ትላንት ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ከጓደኞቹ ጋር ሲቅም ዋለ፣ ሲመሽ ለጨብሲ ብለው ቢራ ገቡ፣ ከዛ ባጃጇን አስነስቶ ወደ አጋሮ መውጫ ሲሄድ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ በመንገዱ ዳር በእግሩ የሚሄድ ሰውዬ ገጨ። አልሸሸም። ሰውዬውን በሌላ ባጃጅ ጭኖ ሆስፒታል ወሰደው፣ ፖሊስም እዛው ያዘው፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ደም ተወሰደበት። ሰውዬው ሕይወቱ ተርፏል፣ እግሩ ግን ተሰብሯል።

ዛሬ ጠዋት ቁርስ ይዤለት ጣቢያ ሄድኩ። ፍርፍሩን እዛው በሩ ላይ ቅመሽ ተብዬ ቀምሼ አስገባሁለት፣ ሊያናግሩኝ ግን አልፈለጉም። ከሩቅ አየሁት፣ ቀበቶና የጫማ ማሰሪያ ተወስዶበት ሱሪውን በእጁ ይዞ ቆሟል፣ ሸሚዙ እጅጌ ላይ የሰውዬው ደም ደርቋል። ቃልህን ሰጥተህ ፈርም ተብሏል፣ የተጻፈው በቁቤ ነው፣ እሱ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ከደንበኛ ጋር በአፋን ኦሮሞ ቢግባባም የተማረው ሌላ ክልል ስለሆነ ቁቤ ማንበብ አይችልም። ጥያቄዬ፣ ይፈርም ወይስ ይቅርበት? መቼ ነው ፍርድ ቤት የሚያቀርቡት? ምን ይጠብቀዋል?

(ማክሰኞ የተጨመረ፦ መልሱ ስለበዛና ብዙዎቻችሁ በስልክ ስለምታነቡ፣ ከዚህ በታች በተራ ቁጥር ማን ምን እንዳለ በራሴ አባባል አስቀምጫለሁ። ተመሳሳይ ነገር የገጠመው ሰው ካለ ይጠቅመዋል ብዬ ነው።)

መልስ 1። ሕግ የተማረ ሰው ይመስለኛል፣ በጣም በትህትና ነው የጻፈው። መጀመሪያ ሰዓቱን ቁጠሪ አለኝ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል፣ የማይቆጠረው ከተያዘበት ቦታ ወደ ፍርድ ቤት ለመምጣት የሚወስደው አግባብ ያለው የጉዞ ጊዜ ብቻ ነው፣ እሁድ ስለሆነ አይቆጠርም የሚባል ነገር የለም። ቅዳሜ ማታ ስለተያዘ ሰኞ በሥራ ሰዓት ካልቀረበ አለቀ ማለት ነው አለ። ወዲያው ደግሞ አንቀጽ 21ን ጨመረልኝ፣ ቤተሰብም ጓደኛም የሕግ አማካሪም የሃይማኖት አባትም ሐኪምም ሊጎበኘው መብቱ ነው፣ ስለዚህ ተመልሰሽ ሂጂና በጨዋ ደንብ አንቀጹን ጠቅሰሽ ጠይቂ አለኝ። ሄድኩ። አስር ደቂቃ ተፈቀደልኝ።

መልስ 2። ሕጉን ተዪውና ጣቢያው ውስጥ የሚያውቅሽ ሰው ፈልጊ ያለ ሰው ነው። ብዙ ላይክ አገኘ፣ እኔን ግን አላስደሰተኝም። ሰው ተጎድቶ ተኝቶ እያለ በጓሮ በር የሚያስወጣ ሰው መፈለግ የተጎዳውን ሁለቴ መግጨት ነው።

መልስ 3። በመልስ 2 ላይ ቆጣ ብሎ መጣ። ገንዘብ የሰጠም የተቀበለም እኩል ወንጀለኛ ነው፣ አንድ የነበረው ክስ ሁለት ሆኖ እህትየዋም አብራ ትገባለች፣ እንዲህ ዓይነት ምክር ለጭንቀት ላይ ላለ ሰው አይሰጥም አለ። ከኔ በኩል ምስጋናዬ ይድረሰው።

መልስ 4። ቃል ስለመስጠት የጻፈችው ልጅ ናት፣ ለኔ ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ ይሄ ነው። የተያዘ ሰው ዝም የማለት መብት አለው፣ ይህንንም ፖሊስ ራሱ በሚገባው ቋንቋ ሊነግረው ይገባል፣ የሚናገረው ነገር ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብበት እንደሚችልም ጭምር። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 27ም ይህንኑ ይላል፣ ቃሉ የሚመዘገብበትን ቋንቋ በደንብ የማይረዳ ከሆነ አስተርጓሚ ሊቀርብለት ይገባል። ስለዚህ ስሙንና አድራሻውን ይስጥ፣ የቀረውን ግን ተነቦለት፣ ተተርጉሞለት፣ እሱ ያለው መሆኑን ሳያረጋግጥ እንዳይፈርም አለች። አንድ ነገር ግን ደጋግማ ጻፈች፣ ዝም ማለትና መዋሸት ለየብቻ ናቸው፣ ከተናገረ እውነቱን ይናገር፣ ሌላ ሰው ነበር የሚነዳው ምናምን የሚል ነገር እንዳይሞክር።

መልስ 5። ዝም ማለት ከተቻለ ደምም አልሰጥም ማለት ነበረበት፣ ማን አስገደደው የሚል አጭር ነገር ነው።

መልስ 6። ይሄኛው መልስ 5ን አረመ። የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 34 መርማሪው አስፈላጊ ሆኖ ካገኘው ተጠርጣሪው በሐኪም እንዲመረመር ማድረግ ይችላል ይላል፣ የደም ምርመራም በስም ተጠቅሷል፣ ሐኪሙም ውጤቱን በጽሑፍ ያሰፍራል። ሕገ መንግሥቱ የሚከለክለው ሰውን አስገድዶ በራሱ ላይ እንዲያምን ማድረግን ነው፣ አፍ ዝም ሊል ይችላል፣ ደም ግን ሌላ ነው አለ። እኔም እስከዛሬ ሁለቱን አንድ አድርጌ ነበር የማስበው።

መልስ 7። ነርስ ነኝ ያለች ሴት ረጅም ነገር ጻፈች፣ ከፊሉ አስደነገጠኝ። በሰፊው የሚታወቀው ወሰን በአንድ ሊትር ደም ውስጥ 0.8 ግራም አልኮል ነው፣ በትንፋሽ ሲለካ ወደ 0.4 ሚሊግራም በሊትር ይጠጋል። ጉበት በሰዓት የሚያስወግደው ደግሞ ከአንድ ሊትር ደም 0.15 ግራም አካባቢ ነው። እንግዲህ 4 ሰዓት ላይ ገጭቶ 6 ሰዓት ላይ ደም ከተወሰደበት፣ ሲገጭ የነበረው መጠን ከውጤቱ በ0.3 ያህል ይበልጥ ነበር ማለት ነው፣ ውጤቱ ከወሰን በታች ቢመጣ እንኳን ነጻ ነው ብለሽ አትቸኩዪ አለችኝ። ቀጥላ መጠየቅ ያለብንን ነገረችኝ፣ ብልቃጡ ላይ ስሙና ደሙ የተወሰደበት ሰዓት ተጽፏል ወይ፣ ክንዱ የተጠረገው በአልኮል ነው ወይስ አልኮል በሌለው ማጽጃ፣ ማን ወሰደው ማን ተረከበው። ይህን መጠየቅ ማምለጫ መፈለግ አይደለም፣ ማስረጃው ንጹህ እንዲሆን ነው አለች።

መልስ 8። የባጃጅ ሹፌር ነው፣ የጻፈውም ልክ እንደሚያወራ ነው፣ አንድም አራት ነጥብ አላደረገበትም። ከሰርቦ ከተማ ስንት ጊዜ ጠጥቶ እየነዳ እንደተመለሰ፣ ምርቃና ላይ ያለ ሰው ስካር እንደማይዘው፣ ከመነሳቱ በፊት ሁለት ሲኒ ቡና ከጠጣ ዓይኑ እንደሚበራ፣ ወንድሜም ጥሩ በርጫ ቢኖረው ኖሮ እንደማይገጭ፣ ደግሞ ሰውዬውስ ያለመብራት በጨለማ ምን ያደርግ ነበር ብሎ ጨረሰ።

መልስ 9። ነርሷ ተመለሰች፣ አሁን ያ ትህትናዋ የለም። ጫትም ቡናም እንቅልፍን ያባርራሉ እንጂ ከደም ውስጥ አንድ ጠብታ አልኮል አያወጡም፣ እንዲያውም ሰውየው አልሰከርኩም ብሎ እንዲያስብ ስለሚያደርጉ የባሰ ነው፣ ቅዳሜ ማታ በአልጋ የሚገቡልንን የምናውቀው እኛ ነን አለችው።

መልስ 10። መልስ 8 የጻፈው ልጅ ነው፣ ይቅርታ ጠይቋል፣ ደስ አለኝ። ቆይቶም ባጃጅ ላይ የሚሠሩ ልጆች ዘንድ እንዲህ እየተባለ እንደሚወራ፣ እሱም ራሱ አምኖበት እንደኖረ ጻፈ።

መልስ 11። ቅጣቱ በትራፊክ ደንብ ነው፣ ደንብ ቁጥር 208/2003 ላይ አለ፣ ገንዘብ ከፍሎ ነጥብ ተይዞበት ይወጣል ያለ ሰው ነው።

መልስ 12። መልስ 11ን ሁለት ቦታ ላይ አረመው፣ ትንሽ በንቀት ቢሆንም ልክ ነው። አንደኛ ያ ደንብ በ395/2009 ተሻሽሏል፣ ቀጥሎ ደግሞ 557/2016 ወጥቷል፣ ስለዚህ ከድሮው ደንብ የቅጣት ብር እያነበባችሁ ሰው አታሳስቱ። ሁለተኛ የትራፊክ ደንቡ በቂ የሚሆነው ሰው ሳይጎዳ ሲያዝ ነው። ሰው ሲጎዳ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ይመጣል፣ አንቀጽ 559 በቸልተኝነት የአካል ጉዳት ማድረስን ይቀጣል። ሰውዬው ቢሞት ኖሮ አንቀጽ 543 ነበር፣ እዛ ላይ ሦስተኛው ንዑስ አንቀጽ መጠጥን ወይም አደንዛዥ ነገርን ወስዶ ራሱን ኃላፊነት ወደማይሰማው ሁኔታ ያስገባን ሰው ለይቶ ቅጣቱን ወደ ጽኑ እስራት ያሻግረዋል። ሰክሬ ስለነበር አላወቅኩም የሚለውም አያድንም፣ አንቀጽ 50 በገዛ ፈቃዱ ወይም በቸልተኝነቱ ራሱን እንዲህ ያደረገ ሰው ከኃላፊነት አያመልጥም ይላል። ይህን ሳነብ ስልኩን አስቀምጬ በረንዳ ላይ ወጣሁ። የሰውዬው መትረፍ ለሱ ቤተሰብ ብቻ ሳይሆን ለኛም ምን ማለት እንደሆነ ያኔ ነው የገባኝ።

መልስ 13። ስለ ዋስ ነው። ክሱ በጽኑ እስራት የማያስቀጣ ከሆነ መርማሪው ራሱ በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 28 በዋስ ሊለቀው ይችላል፣ ግዴታ ግን አይደለም። ካልለቀቀው ፍርድ ቤት ላይ ዋስትና ይጠይቃል፣ ፍርድ ቤቱ ከከለከለ ደግሞ በ20 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት ይቻላል። ፖሊስ ምርመራዬን አልጨረስኩም ብሎ ጊዜ ቀጠሮ ሊጠይቅ ይችላል፣ ፍርድ ቤቱ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን በላይ አይሰጥም፣ ያን ቀን ጠበቃው ወይም ራሱ ለምን ተጨማሪ ቀን እንደሚያስፈልግ ጠይቆ ሊቃወም ይገባል አለ። ደሞዝ ያለው ዋስ ከነመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ከአሁኑ አዘጋጂ፣ ሰኞ ጠዋት ደብዳቤ ፍለጋ ስትሮጪ እንዳይመሽብሽ ብሎ መከረኝ። የአክስቴ ልጅ አስተማሪ ስለሆነ እሱን ለመንኩት።

መልስ 14። እዚህ የክልሉ ፍርድ ቤት የሚሠራው በአፋን ኦሮሞ ነው፣ ክሱም በቁቤ ነው የሚደርሰው፣ ስለዚህ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ላይ ያለውን አስተርጓሚ በመንግሥት ወጪ የማግኘት መብት ገና ስሙ ሲጠራ ይጠይቅ ብሎ አስታወሰኝ።

መልስ 15። ከዚህ ጀምሮ ነገሩ ተበላሸ። ጅማ ውስጥ እየኖረ እየበላ ቋንቋውን ማንበብ ያልፈለገ ሰው አስተርጓሚ ይገባዋል ወይ የሚል ነው፣ አጻጻፉ ከዚህም የከፋ ነበር።

መልስ 16። በዛው ልክ የሚሰድብ መልስ። አልደግመውም።

መልስ 17። ኦሮሞ ነኝ፣ እዚሁ ጅማ ቆጪ ሰፈር ነው ያደግኩት ያለ ልጅ ሁለቱንም ዝም አሰኛቸው። ልጁ ቀኑን ሙሉ ከደንበኛ ጋር በአፋን ኦሮሞ እየተግባባ እንደሚሠራ እህቱ ጽፋለች፣ የተማረው ሌላ ክልል ስለሆነ ነው ቁቤ የማያነበው፣ ይሄ ንቀት አይደለም፣ የኔም አባት ቁቤ አያነቡም አለ። መብቱ ሕግ ላይ የተጻፈው የሁላችንም ስለሆነ ነው፣ ነገ እኔ ቋንቋው ሌላ የሆነ ክልል ብያዝ እኔንም ያስፈልገኛል አለ። ከዛ በኢንቦክስ ጻፈልኝ፣ ሰኞ ሥራ አልገባም፣ ከፈለግሽ መጥቼ የተጻፈውን ቃል በቃል አነብለታለሁ ብሎ። መጣም። የማላውቀው ሰው ነበር።

መልስ 18። ስለ ጅማው መርካቶ መንገድ መብራትና ስለ ባጃጅ ታሪፍ፣ ከጉዳዩ ጋር አይገናኝም።

መልስ 19። ይህን የጻፉት እናት ናቸው። ባለቤታቸውን ጠጥቶ የሚነዳ ሰው ነው የገደለባቸው፣ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። አስራ ስምንት መልስ አንብበው ስለ ተገጨው ሰውዬ አንድም ሰው እንዳልጠየቀ ጻፉ። ስሙ ማነው፣ ልጅ አለው ወይ፣ ዛሬ ማን ነው ምግብ ያበላው፣ ለቀዶ ሕክምናው ማን ከፈለ፣ ነገ ሥራ ካልወጣ ቤቱ ምን ይበላል። ሁላችሁም የሹፌሩን 48 ሰዓት ስትቆጥሩ አደራችሁ፣ የኛን ስድስት ዓመት ማን ቆጠረልን አሉ። እኔን ደግሞ በቀጥታ፣ አንቺ ፍርፍር ስትወስጂ ለእስረኛው ብቻ ነው የወሰድሽው አሉኝ።

ከዚህ በኋላ ለሦስት ሰዓት ማንም አልጻፈም። እኔም የምጽፈው አልነበረኝም፣ ምክንያቱም እውነታቸውን ነው። ሆስፒታሉ ከጣቢያው ያን ያህል አይርቅም፣ እኔ ግን ጠዋት በሩ ላይ አልፌው ነው የሄድኩት።

መልስ 20። አንዱ የእናትየውን ሐዘን እንደሚረዳ፣ ግን የተከሰሰ ሰው መብት ሲከበር ነው ፍርዱ ኋላ የማይፈርሰው ብሎ ጻፈ። ልክ ነው፣ ሰዓቱ ግን አልነበረም።

መልስ 21። መልስ 1 ላይ የነበረው ሰው ነው፣ አሁን ስለ ካሳ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2081 የተሽከርካሪው ባለቤት ሌላ ሰው ሲነዳው ለደረሰ ጉዳትም ይጠየቃል፣ ስለዚህ የባጃጇ ባለቤትም አለበት። ተጎጂው የሕክምና ወጪውን፣ የቀረበትን ገቢ ሊጠይቅ ይችላል፣ ከሁለት ዓመት እንዳያሳልፈው። የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስም በአዋጅ የግድ ነው፣ አዋጁ ቁጥር 799/2005 ነው፣ ሊብሬውና የኢንሹራንስ ወረቀቱ ይፈለግ፣ ቤተሰቡ ስለማያውቅ ብቻ ሳይጠይቅ የሚቀር ስንት ሰው አለ ብሎ አዘነ።

መልስ 22። እናትየው ለመልስ 21 መለሱ፣ አንድ መስመር ብቻ። ለሕሊና ጉዳት ያ ሕግ የሚፈቅደው ቢበዛ 1000 ብር መሆኑን ያውቅ እንደሆነ ጠየቁት። ሕጉ ላይ እንዲህ ተጽፎ እስካሁን አለ፣ ከ1952 ጀምሮ። መልስ 21 የጻፈውም አውቃለሁ፣ ያሳፍራል ብሎ ብቻ ተወው።

መልስ 23። ባጃጅ የሚያከራይ ሰው ነው፣ ሹፌሩ ጠጥቶ ለሚሠራው እኔ ለምን እከፍላለሁ ብሎ ተማረረ፣ ኢንሹራንሱም ጠጥቶ የነዳ ሹፌር ሲሆን ውሉ ላይ እንደማይሸፍን ጽፎ እንደሚያስፈርማቸው ነገረን። የኛን ባለቤት ደውዬ ወረቀቱን እንዲያወጣ ነገርኩት። ተቆጣ፣ ግን አወጣው።

መልስ 24። ሽማግሌ ላኩ፣ በአካባቢው ወግ ጃርሱማ ይደረግ፣ ነገሩ ያልቃል ያሉ ትልቅ ሰው ናቸው። መልስ 4 የጻፈችው ልጅ በመልስ 25 በአክብሮት አስተካከለቻቸው። እርቅ ለካሳው ይረዳል፣ ቅጣት ሲወሰንም የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 82 ጥፋቱን አምኖ ተጎጂውን የረዳና የካሰ ሰው ቅጣቱ ይቀልለታል ይላል፣ ክሱን የያዘው ግን ዐቃቤ ሕግ ነው፣ ሽማግሌ አይዘጋውም። ለቅጣት ማቅለያ ብላችሁ ብቻ ከሄዳችሁ ደግሞ ቤተሰቡ ያውቅባችኋል፣ አትሂዱ አለች።

መልስ 26። ጠበቃ መክፈል ካልቻልን የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ነጻ የሕግ ድጋፍ እንደሚሰጥ፣ ፍርድ ቤቱም ፍትሕ ይጓደላል ካለ በመንግሥት ወጪ ተከላካይ ጠበቃ እንደሚያቆም ነገረን።

መልስ 27 የራሴ ነው፣ ሰኞ ማታ የጻፍኩት። እሁድ ከሰዓት ሆስፒታል ሄድኩ። ሰውዬው ቡና መጋዘን ጆንያ ሲሸከሙ ውለው ነበር ወደ ቤት የሚመለሱት፣ ዕድሜያቸው ከአባቴ አይርቅም። እግራቸው ተጠቅልሎ ከፍ ብሎ ተቀምጧል፣ ያን ቀን የለበሱት ጫማ አንዱ ብቻ አልጋው ስር አለ፣ ሌላው መንገድ ላይ ቀርቷል። የወሰድኩትን አጥሚት ልጃቸው ተቀበለችኝና ማን እንደሆንኩ ስነግራት መልሳ በእጄ ሰጠችኝ። አልፈረድኩባትም። አባትየው ናቸው ተቀበዪ ያሏት። ወንድሜ አንስቶ እንደወሰዳቸውም እሳቸው ናቸው የነገሩኝ፣ ሲያነሳቸው እያለቀሰ እንደነበርም።

ሰኞ ከሰዓት ችሎት ቀረበ። አስተርጓሚ ጠየቀ፣ ተፈቀደለት። ያ ቆጪ ያደገው ልጅ ጠዋት የተጻፈውን ቃል አንብቦለት ነበር፣ ሁለት ቢራ የሚል ተጽፎ ነበር፣ ወንድሜ ግን አምስት ነው አለ። ያልኩትን ጻፉልኝ ብሎ አስተካክሎ ነው የፈረመው። እዚህ መልሶቹ ውስጥ ለምን አስተካከለ የሚሉ አሉ፣ መልስ 28 እና 29 ሞኝ ነው ብለውታል። እኔ ግን ኮርቼበታለሁ። ፖሊስ ቀን ጠይቆ ነበር፣ ፍርድ ቤቱ ግን በዋስ እንዲወጣ ፈቀደ፣ መንጃ ፈቃዱ ተይዟል፣ የደሙ ውጤት ገና አልደረሰም።

መልስ 30። የወንድሜ ነው፣ በኔ ስልክ የጻፈው። ሁሉንም እንዳነበበና መልስ 19ን ሦስት ጊዜ እንዳነበበ ጻፈ። ጥፋቱን ችሎት ላይ እንደማይክድ፣ ከእስራት ቢያመልጥም ባጃጅ ላይ እንደማይመለስ፣ የሰውዬውን የቀን ገቢ እስኪድኑ ድረስ እኔና እሱ ተካፍለን እንደምንሰጥ ልጃቸውን አነጋግረን መስማማታችንን። ለእናትየው ግን ምን ብሎ እንደሚጽፍላቸው አላወቀም፣ ስማቸውን ጠርቶ ይቅርታ እንኳን ሊል አልደፈረም።

መልስ 31። እናትየው ናቸው። ለወንድሜ አልመለሱለትም። ሰውዬው የተኙበትን ክፍልና የአልጋ ቁጥር ጠየቁኝ፣ ሐሙስ የገበያ ቀን ስለሆነ ወደ ከተማ እንደሚመጡ ነገሩኝ። በኢንቦክስ ላክሁላቸው።